ጥርጥር በክርስትና እምነት ውስጥ ያለው ስፍራ

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




የንግግሬን ርእስ ባስታወቅሁ ጊዜ ከጓደኞቼ አንዱ «ከማን ጋር ልትጣላ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ሌላው ደግሞ «ካህናቱ መናፍቅ ይሉሃል፤ ተማሪው ሰባኪ ይልሃል፤ ከሁለት ያጣ ትሆናለህ» አለኝ። ከማንም ጋር ለመጣላት አልመጣሁም። ይህን ርእስ የመረጥኩት በመኝታ ቤታችን መብራት ከጠፋ በኋላ በሹክሹክታ የምንነጋገርበትን ነገር ቀን በብርሃን ብንነጋገርበት ይሻላል ብዬ ስለማምን ብቻ ነው። የሃይማኖት ሊቅ አይደለሁም። ስሳሳት ታርሙኛላችሁ።

ከዚህ አዳራሽ ወጥተን ወደ ሰሜን ቀና ብንል የእንጦጦን ተራራ እናያለን። በላዩ ላይ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት እንጦጦ ማርያም አለች፤ ከእርስዋም ሳይርቅ ቅዱስ ራጉኤል አለ። ተራራውን ተከትለን ወደ ምሥራቅ ብንሄድ ከየካ በላይ ከድንጋይ ተፈልፍሎ የተሠራውን ዋሻ ሚካኤልን እናገኛለን፤ ከግርጌው ደግሞ የካ ሚካኤል አለ። ማለዳ በዚያ መንገድ የሄደ ሰው ነጠላ ያጣፉ ምእመናን ሽቅብ ሲወጡ፥ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው የተሸከሙ እናቶች ቁልቁል ሲወርዱ ይመለከታል። ከሸክማቸው በታች ጎንበስ እንዳሉ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሲያልፉ ይሳለማሉ።

ይህን ያነሣሁት ለሥዕል አይደለም። በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው መካከል ብዙዎቻችን ወደዚህ ትምህርት ቤት የመጣነው እንዲህ ያለች እናት ተስላልን፥ ጸልያልን ነው። ስለዚህ በእኛ አገር አንድ ተማሪ መጠራጠር ሲጀምር የሚያስጨንቀው የአሳቡ ክብደት ብቻ አይደለም። እናቱን የከዳ ይመስለዋል። ለንስሐ አባቱ እንዳይናገር ይፈራል፤ ለጓደኛው እንዳይናገር ያፍራል። በመጨረሻ ለማንም ሳይናገር ቀስ ብሎ ይወጣል። ወይም ደግሞ በአካሉ ሳይወጣ ይቀርና በልቡ ከወጣ ዓመታት ያልፋሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንዲሉ፥ ጥያቄውን የደበቀም መልስ የለውም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ጥርጥር በእምነት ቤት ውስጥ ስፍራ አለውን? ወይስ ስፍራው ከደጅ ውጭ ነው?

በመጀመሪያ ቃሉን እንመልከት። ግእዝ ለጥርጥር ያለው ቃል «ኑፋቄ» ነው። ከዚያው ሥር «መንፈቅ» ይወጣል፤ ትርጓሜውም ግማሽ ማለት ነው። የሚጠራጠር ሰው ልቡ ለሁለት የተከፈለ ሰው ነው ማለት ነው። ይህ አስተያየት የእኛ ብቻ አይደለም፤ በላቲንም መጠራጠር ማለት ከ«ሁለት» ጋር የተዛመደ ቃል ነው። ነገር ግን ከዚሁ ሥር «መናፍቅ» የሚለው ቃል ወጣና በቤተ ክርስቲያን ላይ የተነሣ የሐሰት መምህር ስም ሆነ። እንግዲህ የጨነቀው ጠያቂና ዐውቆ የሚያስት መምህር በአንድ ስም ተጠሩ። ለእኔ እንደሚመስለኝ ብዙ ስሕተት የመጣው ከዚህ ነው። ልቡ ለሁለት የተከፈለበት ሰው ግማሹ ገና በቤት ውስጥ እንዳለ እንረሳለን።

ሁለተኛ ወደ ቅዱስ ቶማስ እንምጣ። ቶማስን ሁላችን የምናውቀው በተጠራጣሪነቱ ነው። ወንጌሉን ግን ቀስ ብለን ብናነብ ያልተመለከትነው ነገር አለ። ሌሎቹ ሐዋርያት ከእርሱ ይልቅ ለማመን የቸኮሉ አልነበሩም፤ ሴቶቹ ከመቃብር ተመልሰው የትንሣኤውን ወሬ በነገሩዋቸው ጊዜ እንደ ቅዠት ቆጥረውት ነበር። ቶማስ የጠየቀው ከሌሎቹ የበለጠ አይደለም፤ ጌታ እርሱ በሌለበት ለሌሎቹ ያሳያቸውን እጁንና ጎኑን እርሱም ሊያይና ሊዳስስ ፈለገ።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን በመካከል ያለው ስምንት ቀን ነው። ቶማስ አላምንም ካለበት ቀን ጀምሮ ጌታ እስከ ተገለጠለት ቀን ድረስ ሳምንት ሙሉ አልፎአል። በዚያ ሳምንት ውስጥ ሐዋርያት አላባረሩትም፤ እርሱም ተቈጥቶ አልሄደም። በተዘጋው ቤት ውስጥ ያዩት ከማያምነው ጋር፥ የማያምነውም ካዩት ጋር አብረው ተቀመጡ። ጌታ በመጣ ጊዜ ቶማስ የተገኘው እዚያ ነው። በመንገድ ላይ ቢሆን ኖሮ ወይም በቤቱ ብቻውን ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ባልተገናኙ ነበር። የጥርጥር ስፍራ የት እንደ ሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

ቤተ ክርስቲያናችንም ይህን ሰው አልሸሸገችውም። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ለየዕለቱ ስም ስትሰጥ ማክሰኞን በቶማስ ስም ጠርታዋለች። በስምንተኛው ቀን የምናከብረው ዳግም ትንሣኤም የእርሱ ጥያቄ የተመለሰበት ቀን ነው። እስቲ አስቡት፤ ቶማስ ባይጠራጠር ኖሮ ያ እሑድ በዓል ባልሆነም ነበር።

ደግሞ የፍልሰታን ታሪክ አስታውሱ። ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ ልጅ ዐዋቂ ሳይል አገሩ ሁሉ የሚጾመው ይህ ጾም ከቶማስ ጋር የተያያዘ ነው። በትውፊታችን እንደሚነገረው እመቤታችን በተቀበረች ጊዜ ቶማስ በዚያ አልነበረም። ከሀገረ ስብከቱ በደመና ሲመለስ ስታርግ አገኛት፤ የተገነዘችበትንም ሰበን ተቀበለ። ወደ ሐዋርያት በደረሰ ጊዜ ግን ያየውን ሸሽጎ፥ መቀበርዋን እንዴት አምናለሁ ብሎ ጠየቃቸው። እነርሱም የዱሮ ልማዱ መጠራጠር እንደ ሆነ አስታውሰው ሊያሳዩት መቃብሩን ከፈቱ፤ ባዶ ሆኖ አገኙት። ያን ጊዜ ሰበኑን አወጣና ያየውን ነገራቸው። እነርሱም ቶማስ ያየውን ለማየት ጾም ያዙ። ተጠራጣሪ ተብሎ የተነቀፈው ሰው ቀድሞ ያየ ሆነ፤ ሌሎቹም እርሱ ያየውን ለማየት ጾሙ። እኛም በየዓመቱ ስንጾም ይህን ሐዋርያ እናስባለን። ሆኖም አንድ ተማሪ በሰንበት ትምህርት ቤት እጁን አንሥቶ «ይህን እንዴት እናውቃለን?» ቢል ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ተቀመጥ» የሚል ነው።

ከዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ ዐውቀዋለሁ። ጌታ ሳያዩ የሚያምኑትን ብፁዓን ብሎአቸዋል፤ ያዕቆብም በመልእክቱ የሚጠራጠረውን ሰው ነፋስ በሚያናውጠው የባሕር ማዕበል መስሎታል። ይህ እውነት ነው። ጥርጥር ቤት አይደለም፤ መተላለፊያ ነው። በመተላለፊያ ላይ አልጋ ዘርግቶ ሊኖር የሚፈልግ ሰው እርሱም ይበርደዋል፥ ሌላውንም ያሰናክላል። ነገር ግን ጌታ ስለ ማያዩት ብፅዕና የተናገረው ለቶማስ ቁስሉን ካሳየው በኋላ እንጂ አስቀድሞ አይደለም። አስቀድሞ መለሰለት፤ በኋላ ገሠጸው። የእኛ ልማድ ግን ተግሣጹን አስቀድሞ መልሱን መርሳት ነው። መጥምቁ ዮሐንስም በወኅኒ ቤት ሳለ የሚመጣው አንተ ነህን ብለው እንዲጠይቁ ደቀ መዛሙርቱን በላካቸው ጊዜ ጌታ አልተቈጣም። የሚያዩትንና የሚሰሙትን ሄደው እንዲነግሩት አዘዛቸው እንጂ።

ሦስተኛ፥ መጠየቅ ሲከለከል የሚደርሰውን ጉዳት አንድ ምሳሌ ላንሣ። ይህ ነገር በቤተ ሰቤ የደረሰ ስለ ሆነ በአጭሩ እናገረዋለሁ።

የእናቴ ታናሽ እኅት በክፍለ ሀገር ትኖር ነበር። ኤች አይ ቪ በደሟ ተገኝቶ መድኃኒት ጀመረች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጠበል ለመጠመቅ ሄደች። በዚያ ያገኘችው ሰው «መድኃኒት የምትውጪ ከሆነ እምነትሽ ግማሽ ነው» አላት። ያ ሰው ካህን ይሁን ሌላ ጠበልተኛ ዛሬም አላውቅም። አክስቴ እምነትዋ ግማሽ እንዲሆን አልፈለገችም፤ መድኃኒቱን ጣለችው። እናቴ እንደ ነገረችኝ አክስቴ በልብዋ ተጠራጥራ ነበር፤ «እውነት እግዚአብሔር ይህን ይፈልጋልን?» ብላ ለእርስዋ ብቻ ተናግራለች። ሌላ የምትጠይቀው ሰው ግን ፈራች። ከጥቂት ወራት በኋላ ዐረፈች። እኔ ያን ጊዜ ሕፃን ነበርኩ።

መድኃኒቱ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ቫይረሱ በሰውነት ውስጥ እንዳይባዛ ይከለክለዋል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም። ስለዚህ ሲቋረጥ ቫይረሱ ተመልሶ ይበዛል፤ ሲቆራረጥ ደግሞ መድኃኒቱን ይለማመደዋል። በአገራችን ይህ መድኃኒት በነፃ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን ብዙ ሕሙማን ከልዩ ልዩ አገር ወደ እንጦጦ ማርያም እየመጡ፥ በአካባቢው ቤት እየተከራዩ ጠበሉን ይጠመቁ ነበር። ጠበል ወይስ መድኃኒት የሚለው ጥያቄ በብዙዎች ልብ ውስጥ ነበረ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በግልጥ ተናገሩ። ይህ ቃል ከአባት አፍ በወጣ ጊዜ ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን ከመምረጥ ጭንቀት ዐረፈ።

እኔ ከዚህ የምማረው ጠበል ከንቱ ነው ማለትን አይደለም። አክስቴን የገደላት ጠበሉ አልነበረም፤ እምነትዋም አልነበረም። የገደላት ጥያቄዋን ይዛ የምትሄድበት ሰው ማጣትዋ ነው። በልብዋ የነበረው ትንሽ ጥርጥር ከእግዚአብሔር የተሰጣት ማስጠንቀቂያ ነበር ብል ስሕተት አይመስለኝም። ግማሽ የተባለው እምነትዋ ሙሉ ነበረ፤ ግማሽ የነበረው ምክር ሰጪዋ ነው።

አራተኛ፥ ወደ መጻሕፍት እንመለስ። ስለ ጥርጥር በግእዝ የተጻፈ መጽሐፍ ሲጠየቅ ሁሉ የሚጠቅሰው የዘርዐ ያዕቆብን ሐተታ ነው። መጽሐፉ እንደሚለው ጸሐፊው አክሱም የተወለደ ደብተራ ነበር፤ በ17ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት በተቀበሉበት የሁከት ዘመን ሸሽቶ በዋሻ ተቀመጠ። በዚያም ሁለቱ ወገኖች እያንዳንዳቸው እውነት በእኛ ዘንድ ነው ሲሉ ፈራጁ ማን ነው ብሎ መረመረ። ይህ መጽሐፍ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ብዙ ርቆ ሄዶአል፤ ጾምንና ምንኵስናን ይነቅፋል። ነገር ግን ጠያቂው በዋሻው ውስጥ መዝሙረ ዳዊቱን አልጣለም፤ ጥያቄውን ያቀረበው ለፈጣሪው በጸሎት ነው።

የመጽሐፉ ጸሐፊ ማን እንደ ሆነ ደግሞ ራሱ የክርክር ምንጭ ሆኖአል። ጽሑፉን ለአንቷን ዳባዲ የላከለት ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ የካፑቺን መነኩሴ ነበር። ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. ጸሐፊው ይኸው መነኩሴ ነው ሲሉ ጻፉ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዘመን ፍልስፍና ያስተማሩት ክሎድ ሰምነር ደግሞ ኢትዮጵያዊ ነው ብለው ተሟገቱ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አላበቃም። እነሆ፥ በተጠራጣሪነቱ የታወቀው ሰው ራሱ መኖሩ አጠራጠረ!

የመምህሮቻችን ሥራ ይህ ነው፤ ማስረጃን መመዘን። ነገር ግን ከእኛ ከተማሪዎች አንዳንዱ ይህን ዓይነት ምርመራ ሲያይ ሁሉ ነገር የፈረሰ ይመስለዋል። ለምሳሌ የዋሻ ሚካኤልን ዕድሜ ትውፊቱ እጅግ ወደ ጥንት ያደርሰዋል፤ የታሪክ ሰዎች ደግሞ ወደ መካከለኛው ዘመን ያወርዱታል። ይህን የሰማ ተማሪ «እንግዲያው የተነገረኝ ሁሉ ውሸት ነው» ብሎ ቢደመድም ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን አደባልቆአል። ድንጋዩ መቼ ተፈለፈለ የሚለው የታሪክ ጥያቄ ነው፤ በመጥረቢያና በመሮ ሲመረምሩት ይገኛል። ያ ሰው ዕድሜውን ሁሉ ድንጋይ እየፈለፈለ ለማን ጸለየ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ዓመቱ በብዙ መቶ ቢቀነስ ጸሎቱ አይቀነስም።

አምስተኛ፥ ስለ እኛ ስለ ተማሪዎች ታሪክ አንድ ቃል። ከእኛ በፊት በዩኒቨርሲቲ የነበሩት፥ በ1960ዎቹ ዓ.ም. የነበረው ትውልድ ብዙ ነገር ጠየቀ። ስለ መሬት፥ ስለ ብሔር፥ ስለ ድኻው ያነሣው ጥያቄ የሚያስመሰግነው ነው። ሃይማኖትንም የጠየቁ ብዙ ነበሩ። ነገር ግን ከእነርሱ ብዙዎቹ የአባቶቻቸውን መጽሐፍ ሲጠራጠሩ በእጃቸው የያዙትን አዲስ መጽሐፍ አልተጠራጠሩም። የአንዱ ድርጅት ጽሑፍ ከሌላው ጥቂት በተለየ ጊዜ፥ የተለየውን ወንድም ከሃዲ አሉት፤ መናፍቅ ከማለት የሚለየው በስሙ ብቻ ነው። ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ በቀይ ሽብር የሆነውን እናውቃለን። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. የተገደሉት ጥርጥር በሌለው ሥልጣን እጅ ነው። እንግዲህ እምነትን መተው ብቻውን ሰውን ጠያቂ አያደርገውም። ራሱን የማይጠይቅ ሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ሆነ ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ያው ነው።

የዛሬው ዘመን ፈተና ደግሞ ሌላ ነው። ዛሬ ሰው ጥያቄውን ለስልኩ ይነግራል። በስልኩ ላይ ያንዱ ሃይማኖት ተከራካሪ ሌላውን ሲሳደብና ሲያሸንፍ ያያል፤ አሸናፊውን ያጨበጭብለታል። ይህ ከጥርጥርም ከእምነትም አይቆጠርም፤ ጨዋታ ነው። እውነተኛ ጥርጥር ያማል። የሚያስቅና የሚያስጨበጭብ ከሆነ ጥርጥር አይደለም፤ ትዕቢት ነው። ስለዚህ ተጠራጣሪነትን እንደ አዲስ ኮት ለብሶ በካፌ የሚታይበትን ጓደኛዬን ከቶማስ ጋር አላስተካክለውም። ቶማስ ሊያይ ፈለገ፤ ይህ ግን ሊታይ ይፈልጋል።

ንግግሬን ከመፈጸሜ በፊት ሦስት ነገር እለምናለሁ።

ለመምህሮቻችን፦ በክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ ከእምነቱ ጋር የተያያዘ ጥያቄ ሲያነሣ አትሳቁበት። ሳቁ ጥያቄውን አይመልሰውም፤ እርሱም ሁለተኛ አይጠይቅም።

ለካህናት አባቶቻችንና ለሰንበት ትምህርት ቤት መሪዎች፦ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ተረት የወጣው ከእናንተው ቤት ነው። ሊቃውንቱ በመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት ለአንድ ቃል «አንድም» እያሉ ብዙ ፍች ሲሰጡ ኖረዋል፤ ተማሪውም እየጠየቀ ነው የተማረው። ያን ትዕግሥት ለእኛም አትንፈጉን። የማታውቁትን ደግሞ «አላውቅም» በሉን። በእናንተ አፍ ይህ ቃል ያከብራችኋል እንጂ አያዋርዳችሁም።

ለእናንተ ለጓደኞቼ፦ የምትጠራጠሩ ሁሉ ስምንቱን ቀን በቤት ውስጥ ቆዩ። ያልገባችሁን ገብቶኛል አትበሉ፤ ነገር ግን በሩን ዘግታችሁ አትውጡ። የማትጠራጠሩም በመካከላችሁ ያለውን ቶማስ አታባርሩት። ምናልባት ነገ በደመና ላይ የሚያየው እርሱ ይሆናል፤ እናንተም እርሱ ያየውን ለማየት ትጾሙ ይሆናል።

እኔ ራሴ ከየትኛው ወገን ነህ ትሉኝ ይሆናል። እውነቱን ለመናገር የምጠራጠርባቸው ቀኖች አሉ። በወንጌል ልጁ የታመመበት አባት ማመኑንም አለማመኑንም በአንድ ትንፋሽ አምጥቶ በጌታ ፊት እንዳቀረበ ተጽፎአል፤ ጌታም ልጁን ፈወሰለት እንጂ አለማመንህን ተወውና ተመለስ አላለውም። በእነዚያ ቀኖች እኔም እንደዚያ ሰው አደርጋለሁ። አንዳንድ ጊዜም በማለዳ ወደ እንጦጦ እወጣለሁ። ዳገቱ ላይ ትንፋሼ ሲያጥርብኝ፥ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች «አይዞህ ልጄ፥ ደርሰሃል» ይሉኛል። ገና እንዳልደረስኩ ዐውቃለሁ፤ እነርሱም ያውቃሉ። ነገር ግን ቃላቸው ያበረታኛልና እወጣለሁ።